«መጀመሪያ 9 ይንኩ»፦ በአንድ ቢሮ የኢንተርኔት ስልክ የውጭ መስመር ደንብ ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አንድ መሥሪያ ቤት ከአሮጌው የስልክ ማዞሪያ ወደ ኢንተርኔት ስልክ ሲሸጋገር ጭንቀቱ ሁሉ ገመዱ፣ ቀፎውና የድምፁ ጥራት ላይ ነው። ወደ ውጭ የሚደወልበት ደንብ ከአሮጌው ማዞሪያ ተገልብጦ ይገባና ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ግልባጭ በአንድ ቢሮ ያስከተለውን ችግርና ችግሩ የተፈታበትን መንገድ ይተርካል። ከተገኙት ጉድለቶች አብዛኞቹ ሰው ከማማረር ያለፈ ጉዳት አልነበራቸውም። አንደኛው ግን ሕይወት ሊያስጠፋ የሚችል ነበር፤ ከዚያ ቢሮ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ አይወጣም፣ አለመውጣቱንም የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የመሥሪያ ቤቱና የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም። ቁጥሮቹም ነገሩን ለማስረዳት የቀረቡ ናቸው፤ የድንገተኛ አደጋውን ቁጥር በምሳሌነት 911 እያልኩ እሄዳለሁ።

መነሻው

መሥሪያ ቤቱ በሁለት ሕንፃዎች የተቀመጠ ነው። ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት ማዞሪያ አናሎግ ነበር። ሠራተኛው 9 ሲነካ ማዞሪያው ከቴሌፎን ድርጅቱ ከመጡት መስመሮች ክፍት የሆነውን ይይዝለትና ሁለተኛ የመስመር ድምፅ ያሰማዋል። ሠራተኛው ድምፁን ሰምቶ ቀሪውን ቁጥር ይመታል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን የሚያነበው የድርጅቱ ማዞሪያ እንጂ የቢሮው አይደለም። 9 የቁጥሩ አካል አልነበረም፤ «መስመር ስጠኝ» የሚል ምልክት ብቻ ነበር።

አዲሱ ሥርዓት የተገነባው በአስተሪስክ ላይ ነው። አስተሪስክ ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው፣ አንድን ኮምፒውተር (ሰርቨር) የስልክ ማዞሪያ የሚያደርግ፣ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል ክፍት ሶፍትዌር ነው። ቀፎዎቹ ከሰርቨሩ ጋር፣ ሰርቨሩም ከስልክ አገልግሎት አቅራቢው ድርጅት ጋር የሚነጋገሩት ሲፕ በተባለው መደበኛ ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ነው። እዚህ ላይ ከአሮጌው ጋር ያለው ልዩነት መሠረታዊ ነው። በሲፕ ቀፎው አሃዞቹን አንድ በአንድ አያስተላልፍም፤ ራሱ ዘንድ ይሰበስብና ቁጥሩ አልቋል ብሎ ሲያምን ሁሉንም በአንድ የጥሪ ጥያቄ ጠቅልሎ ይልካል። ሁለተኛ የመስመር ድምፅ የሚባል ነገር የለም። የሚያዝ መስመርም የለም። ሰርቨሩ ሙሉውን ቁጥር አይቶ የውስጥ ነው ወይስ የውጭ ብሎ መወሰን ስለሚችል 9ኙ ከእንግዲህ የግድ አያስፈልግም።

ሥርዓቱን የተከሉት ባለሙያዎች ግን የሠራተኛውን ልማድ ላለማወክ ሲሉ አንዲት ደንብ ጻፉ፦ በ9 የሚጀምር ማንኛውም ነገር ከመጣ 9ኙን ቆርጠህ ቀሪውን ወደ አቅራቢው ላክ። በአስተሪስክ ይህ የሚጻፈው ከሥር ሰረዝ፣ 9 እና ነጥብ ብቻ ነው። የሥር ሰረዟ «የሚከተለው ቁጥር ሳይሆን ንድፍ ነው» ትላለች። ነጥቧ ደግሞ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የሆነ ማንኛውንም ምልክት ትቀበላለች። ከሦስት ምልክት የማታልፍ ደንብ የቢሮውን የውጭ ጥሪ በሙሉ ተሸክማ ነበር።

ቅሬታዎቹ

የመጀመሪያው ቅሬታ መዘግየት ነበር። ቁጥር ተመትቶ ካለቀ በኋላ ስልኩ ዝም ይላል፤ ጥሪው መጥራት የሚጀምረው ሰው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ነው። ሁለተኛው ያመለጡ ጥሪዎችን የሚመለከት ነው። ያመለጠ ጥሪ ዝርዝር ላይ ያለውን ቁጥር ተጭኖ መልሶ መደወል አይቻልም፤ ቁጥሩ 9 የለውምና። ሦስተኛ፣ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ ቀፎው የተገለበጡ አድራሻዎች የመደመር ምልክትና የአገር መለያ ቁጥር ስላላቸው ሁሉም ይከሽፋሉ።

አራተኛውን ቅሬታ መጀመሪያ ላይ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በሂሳብ ክፍል ለረጅም ዘመን ያገለገሉ አንዲት እናት ወደ ውጭ ሲደውሉ የስብሰባ አዳራሹ ስልክ ይጠራል አሉ። የአይቲ ክፍሉ ወጣት ቁጥሩን ተሳስተው ይሆናል ብሎ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ፣ እኔ ይህን ቁጥር በየሳምንቱ ነው የምደውለው። ና አጠገቤ ቆመህ እየው» አሉት። ቆሞ አየ። እሳቸው 9 ነኩ፣ 0 ነኩ፣ 1 ነኩ፤ ከዚያ ቀና ብለው ቀሪውን ከማስታወሻ ደብተራቸው ማንበብ ጀመሩ። ገጹን ሳይገልጡ አዳራሹ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ተካዮቹ ለስብሰባ ክፍሎች የሰጧቸው የውስጥ ቁጥሮች ከ901 እስከ 906 ነበሩ። የአገሩ መደበኛ ስልክ ቁጥር ሁሉ በ0 ስለሚጀምር፣ 9 የቀደመው እንዲህ ያለ ጥሪ ሁልጊዜ 90 ብሎ ይነሳል። ቀፎው ለ4 ሰከንድ ምንም አሃዝ ካልተነካ ቁጥሩ አልቋል ብሎ ይልካል። ሴትዮዋ ደብተር ለማየት የወሰዱት ፋታ ከዚያ በለጠ፣ 901 ለብቻው ተላከ፣ ሰርቨሩም 901 የሚባል ስልክ ስላለው በትክክል አገናኘ። ማንም አልተሳሳተም፤ የተጋጩት ደንቦቹ ናቸው።

ምርመራው

የስልክ ደንብ ችግር ሲያጋጥም ብዙዎች በቀጥታ ሰርቨሩን ይከፍታሉ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ነው፦ ጣት የነካው፣ ቀፎው የላከው፣ ሰርቨሩ ለአቅራቢው ያስተላለፈው። አንድ ቁጥር በሦስቱ ቦታዎች ሦስት መልክ ሊኖረው ይችላል፤ ጥፋቱም ያለው መልኩ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው።

መዘግየቱ በዚህ መንገድ ወዲያው ተገኘ። የሰርቨሩን መዝገብ ስናይ የጥሪው ጥያቄ ከገባበት ቅጽበት ወደ አቅራቢው እስከወጣበት ድረስ ጊዜው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ጥያቄው ግን ወደ ሰርቨሩ የሚመጣው ሠራተኛው የመጨረሻውን አሃዝ ነክቶ ከ4 ሰከንድ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩም ኢንተርኔቱም ነፃ ናቸው፤ ጊዜውን የሚበላው ጠረጴዛው ላይ ያለው ቀፎ ነው። ቀፎው የአገሩ ቁጥር ስንት አሃዝ እንደሆነ የነገረው ስለሌለ «ምናልባት ሌላ አሃዝ ይመጣ ይሆናል» ብሎ ይጠብቃል። ይህን የሚነግረው በቀፎው ውስጥ የሚጻፍ ዲጂት ማፕ የሚባል ደንብ አለ፤ በቢሮው ቀፎዎች ሁሉ ከፋብሪካ እንደመጣ ተትቶ ነበር።

ከዚያ ያቺን የ9 እና የነጥብ ደንብ ማንበብ ጀመርን። ወጣቱን «ሰው እሳት ተነስቶበት 911 ቢደውል ይቺ ደንብ ምን ታደርጋለች?» ብዬ ጠየቅሁት። በወረቀት ላይ ጻፈው፦ 9፣ 1፣ 1። የመጀመሪያውን 9 ሰረዘ። የቀረውን አየና ዝም አለ።

እውነተኛውን የድንገተኛ አደጋ ማዕከል ሳናስቸግር ለማረጋገጥ ከአቅራቢው ጋር የማይገናኝ የሙከራ ትራንክ (ሰርቨሩ ጥሪ የሚያስወጣበት መስመር) አዘጋጅተን ደንቡን ወደዚያ አዞርነው። ከቀፎ 911 ተመታ። በመዝገቡ ላይ ወደ ውጭ የወጣው ቁጥር 11 ነበር። ይህ ወደ እውነተኛው አቅራቢ ቢሄድ የሚመለሰው ምናልባት 404፣ ማለትም «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም» የሚለው የሲፕ መልስ ነው፤ ደዋዩም የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ይሆናል። ለማዳን የሚጠራ ሰው መስመሩ ተይዟል ብሎ እየደጋገመ ይደውላል ማለት ነው።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ማርሻል ከተማ፣ ካሪ ሃንት የተባለች ሴት በሆቴል ክፍል ውስጥ ጥቃት ሲደርስባት የ9 ዓመት ልጇ በክፍሉ ስልክ 911 ደጋግማ ደውላ ነበር። የሆቴሉ ስልክ ወደ ውጭ ለመውጣት መጀመሪያ 9 ይፈልግ ስለነበር ጥሪው አልወጣም፤ እናትየዋም ሕይወቷ አለፈ። ልጅቷ የተማረችውን በትክክል አድርጋለች። ከዚህ በኋላ በእናትየዋ ስም የተጠራ የፌደራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፤ ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2020 ጀምሮ በዚያ አገር የሚሸጡና የሚተከሉ የባለብዙ መስመር ስልኮች 911ን ያለምንም መሪ ቁጥር (እንደ 9ኙ ያለ ቀዳሚ አሃዝ) ማስወጣት ግዴታቸው ሆነ። ታሪኩን ለቢሮው ኃላፊ ነገርኩ። ሥራውን በሚቀጥለው በጀት እንየው ይሉ የነበሩት ሰው ወዲያው ይጀመር አሉ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ቀድሞ የተሠራው የድንገተኛው ቁጥር ነው፤ ሌላው እስኪያልቅ አልተጠበቀም። 911 ለብቻው፣ እንዲሁም ከልማድ 9 ለሚያስቀድም ሰው 9911፣ ሁለቱም 911 ሆነው እንዲወጡ ተጻፈ። ይህ ደንብ ማንኛውም ቀፎ፣ የኮሪደርና የጥበቃ ክፍል ስልክ ጭምር፣ ያለ ፈቃድና ያለ ሚስጥር ቁጥር የሚጠቀምበት ነው። ጥሪው ሲወጣ በእንግዳ መቀበያው ስልክ ላይ ከየትኛው ክፍል እንደተደወለ የሚገልጽ ማሳወቂያ እንዲታይ ተደረገ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞች በር ላይ ሲደርሱ ወዴት እንደሚሄዱ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው ሕንፃ ደግሞ የራሱ አድራሻ የተመዘገበበት የተለየ የደዋይ ቁጥር እንዲያሳይ ሆነ። ይህ ባይሆን ከዚያ የተደወለ ጥሪ የዋናውን ሕንፃ አድራሻ ይዞ ይሄድ ነበር። የመጨረሻው ሙከራ በእውነተኛው ቁጥር የተደረገው ከማዕከሉ ጋር በመደበኛ ስልካቸው አስቀድሞ ተነጋግረን፣ መጨናነቅ በሌለበት ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የቢሮውን የጥሪ መዝገብ አውጥተን ሰዎች በእርግጥ ምን እንደሚደውሉ አየን። ይህን ሥራ የሚዘሉት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመን እሱ ነው እላለሁ። ከመዝገቡ የወጡት ቅርጾች ጥቂት ነበሩ፦ ሦስት አሃዝ የውስጥ ቁጥር፣ በ0 የሚጀምር 10 አሃዝ የአገር ውስጥ ቁጥር፣ በ8 የሚጀምሩ ባለ 4 አሃዝ አጫጭር የአገልግሎት ቁጥሮች፣ በ00 የሚጀምር ዓለም አቀፍ ቁጥርና በመደመር ምልክት የሚጀምር ቁጥር። ለእያንዳንዳቸው ርዝመቱ የተወሰነ ደንብ ተጻፈ። በአስተሪስክ ኤክስ የሚለው ፊደል ከ0 እስከ 9 ያለውን አንድ አሃዝ፣ ዜድ ከ1 እስከ 9፣ ኤን ደግሞ ከ2 እስከ 9 ያለውን ይወክላል። ስለዚህ የአገር ውስጥ ቁጥር 0፣ ከዚያ ዜድ፣ ከዚያ ስምንት ኤክስ ሆነ። ዜዷ የገባችው በ00 የሚጀምረው ዓለም አቀፍ ጥሪ በአገር ውስጡ በር ሾልኮ እንዳይገባ ነው። ያቺ አንዲት ፊደል የሁለቱን ጥሪዎች ድንበር ትጠብቃለች።

እያንዳንዱ ደንብ በሁለት መልክ ተጻፈ፤ ከ9 ጋርና ያለ 9። 9ኙን በአዋጅ ለመሻር የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። የለመደ ይቀጥል፣ ያልለመደ በቀጥታ ይደውል፤ ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ቦታ ይወስዳሉ። ይህ እንዲሆን ግን የስብሰባ ክፍሎቹ ከ901 ወደ 2 መቶዎቹ መዛወር ነበረባቸው። ለተወሰነ ጊዜ በአሮጌው ቁጥር የሚደውል ሰው አዲሱን የሚነግረው የድምፅ መልእክት ይሰማ ነበር፤ ከዚያ በ9 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ጨርሶ ጠፋ።

ወደ አቅራቢው ከመውጣቱ በፊት ማንኛውም ቁጥር በአንድ ቦታ ላይ ወደ ዓለም አቀፉ ቅርጽ ይለወጣል፦ የመደመር ምልክት፣ የአገር መለያ፣ ከዚያ ቁጥሩ። ኢ.164 የተባለው የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደረጃ ይህን ቅርጽ የአገር መለያውን ጨምሮ ቢበዛ 15 አሃዝ ብሎ ወስኖታል። 0 ያለው 0ው ይነሳና የአገሩ መለያ ይገባለታል፣ 00 ያለው በመደመር ምልክት ይተካል፣ መደመር ያለው እንዳለ ያልፋል። አጫጭር ቁጥሮችና ድንገተኛው ብቻ ሳይነኩ ይሄዳሉ። ይህ ለውጥ በየደንቡ ውስጥ ተበታትኖ ቢጻፍ ኖሮ አቅራቢ በተቀየረ ቁጥር ሁሉንም መልሶ መጻፍ ይመጣ ነበር።

በቀፎዎቹ ዲጂት ማፕ ላይም ያው ካርታ ተጻፈ። በ2 የሚጀምር ሦስት አሃዝ ሲሞላ ወዲያው ላክ፤ 911 ሲሞላ ወዲያው ላክ፤ በ8 የሚጀምር አራተኛ አሃዙ ሲነካ ላክ፤ በ0 የሚጀምረው አሥረኛው ሲነካ፣ 9 ከቀደመው አሥራ አንደኛው ሲነካ ላክ። ርዝመቱ የማይታወቀው ዓለም አቀፉ ቁጥር ብቻ ነው የሚጠበቀው፤ የቸኮለ ሰው የመሰላል ምልክቷን ተጭኖ ወዲያው ማስወጣት ይችላል።

ዓለም አቀፍ ጥሪን በተመለከተ ቀድሞ ማንም ከማንኛውም ቀፎ፣ ከኮሪደሩም ጭምር፣ የትም መደወል ይችል ነበር። የስልክ ማጭበርበር የሚኖረው በእንዲህ ያለ ክፍተት ነው። አጭበርባሪው የአንድ ቀፎ የይለፍ ቃል ካገኘ ብዙ ገንዘብ ወደሚያስከፍሉና ከገቢው ድርሻ ወደሚያገኝባቸው ቁጥሮች ያለማቋረጥ ይደውላል፤ ይህንንም የሚያደርገው ቢሮ በሚዘጋበት ሌሊትና የዕረፍት ቀን ነው። ቀፎዎቹ በሦስት ተከፈሉ፦ የውስጥና ድንገተኛ ብቻ፣ የአገር ውስጥ የተጨመረበት፣ ዓለም አቀፍም የተፈቀደለት። የጥሪ ማስተላለፊያ አገልግሎቱም በዚሁ ክፍፍል እንዲገዛ ተደረገ፤ ካልሆነ ኮሪደር ላይ የታገደው ስልክ ጥሪውን ወደ ውጭ አገር ቁጥር በማዞር እገዳውን ያልፈዋል። አቅራቢውም በቀን ከተወሰነ ሒሳብ በላይ ሲሆን መስመሩን እንዲዘጋ ተጠየቀ።

ያልሠሩት ሙከራዎች

መዘግየቱን ለመቀነስ የአይቲ ክፍሉ በራሱ ሞክሮት የነበረው የቀፎዎቹን የመጠበቂያ ጊዜ ከ4 ወደ 2 ሰከንድ ማሳጠር ነው። ፈጥነው ለሚመቱ ወጣቶች ተመቸ። ከወረቀት እያነበቡ ለሚደውሉት ግን ቁጥሩ መሃል ላይ እየተቆረጠ መሄድ ጀመረ፤ የስብሰባ አዳራሹም ከቀድሞው ይበልጥ ይጠራ ነበር። ሰዓት ማሳጠር ቁጥሩ መቼ እንደሚያልቅ ለማያውቅ ቀፎ ዕውቀት አይሰጠውም።

ሁለተኛው፣ ያመለጠ ጥሪን መልሶ ለመደወል እንዲያመች በሚገቡ ጥሪዎች የደዋይ ቁጥር ፊት ላይ 9 መጨመር ነበር። መልሶ መደወሉ ሠራ። ነገር ግን ቀፎው ቁጥሩን ከአድራሻ ደብተሩ ጋር ማዛመድ ስላቃተው የደዋዮች ስም መታየቱ ቀረ። ሰዎችም ከስክሪኑ ላይ የሚገለብጡትን ቁጥር ከነ9ኙ ለሌላ ሰው መስጠት ጀመሩ። ያለ 9 መደወል ሲፈቀድ ይህ ሁሉ አስፈላጊነቱ ጠፍቶ ተነሳ።

ሦስተኛው የድንገተኛውን ደንብ ሊያኮላሽ ምንም ያህል አልቀረውም። ወጣቱ ለንጽሕና ብሎ የድንገተኛውን ደንብ በተለየ ኮንቴክስት (ደንቦች በአንድነት የሚጻፉበት ክፍል) ውስጥ ጻፈና ኢንክሉድ በተባለው፣ አንዱን ክፍል ወደ ሌላው በሚጨምር ትእዛዝ ከዋናው ጋር አያያዘው። አሮጌዋ የ9 እና የነጥብ ደንብ ገና ከዋናው ኮንቴክስት አልተነሳችም ነበር። አስተሪስክ በአንድ ኮንቴክስት ውስጥ ደንቦችን በተጻፉበት ቅደም ተከተል አይመርጥም፤ ይበልጥ የተወሰነው ይቀድማል። ስለዚህ 911 ለብቻው የተጻፈበት ደንብ ነጥብ ካለባት ደንብ መቅደም ነበረበት። በኢንክሉድ የመጣ ኮንቴክስት የሚታየው ግን በዋናው ውስጥ የሚዛመድ ነገር ሲጠፋ ብቻ ነው። በዋናው ውስጥ ደግሞ ያቺ ሁሉን የምትውጥ ደንብ አለች። ፋይሉን ለሚያነብ ሰው ሁሉም ትክክል ይመስላል፤ ሲደወል ግን 11 ነው የሚወጣው። ይህን ያወጣው «ዳያልፕላን ሾው» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ቁጥርና ኮንቴክስት ሲሰጠው የትኛው ደንብ እንደሚያሸንፍ ያሳያል። ከዚያ በኋላ በዚያ ቢሮ ማንኛውም የደንብ ለውጥ በዚህ ትእዛዝ ካልታየ አይጸድቅም።

ከቀፎዎቹ አንደኛው ዓይነት 9 ሲነካ ሰው ሠራሽ ሁለተኛ የመስመር ድምፅ ማሰማት ይችል ነበር። ለለመዱት ሰዎች ደስ ይላቸው ይሆናል ብለን አሰብን። ሌላኛው ዓይነት ቀፎ ግን አይችልም፤ በአንድ ቢሮ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያለው ስልክ ከማስቀመጥ መተው ይሻላል ብለን ተውነው።

ውጤቱ

መዘግየቱ በአገር ውስጥ ጥሪዎች ላይ ጠፋ፤ የመጨረሻው አሃዝ እንደተነካ ይጠራል። ያመለጠ ጥሪ ተጭኖ መደወልና ከተንቀሳቃሽ ስልክ የተገለበጠ አድራሻ መጠቀም ይሠራል፤ የሚገቡ ቁጥሮች በ0 በሚጀምረው የአገር ውስጥ ቅርጽ ስለሚታዩ የደዋዩ ስምም ይታያል። የሂሳብ ክፍሏ እናት አሁንም 9 ያስቀድማሉ፣ አሁንም በመሃል ደብተራቸውን ያያሉ፤ አዳራሹ ግን አይጠራም። ፋታቸው ከረዘመ ቀፎው ጎዶሎ ቁጥር ይልክና ሰርቨሩ «ቁጥሩ አልተሟላም» የሚል የድምፅ መልእክት ይመልስላቸዋል። ይህ ሙሉ መፍትሔ አይደለም። ለእሳቸው ቀፎ ብቻ የመጠበቂያው ጊዜ እንዲረዝም ተደረገ።

መብራትና ኢንተርኔት አብረው ሲጠፉ ግን ምንም ደንብ አይረዳም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሕንፃ የእንግዳ መቀበያ ላይ ሁልጊዜ የተሞላ አንድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ተቀመጠ።

ለሌላ ቢሮ የሚሸጋገር ትምህርት

ነጥብ ያለባት፣ መጨረሻዋ ያልተወሰነ ደንብ በማንኛውም የውጭ መስመር ላይ መኖር የለባትም ባይ ነኝ። የምትጎዳው በድንገተኛ ጥሪ ብቻ አይደለም። በኢንተርኔት ስልክ «ቁጥር» ሆኖ የሚመጣው ጽሑፍ ከአሃዝ ውጭ ሌላ ምልክት ሊይዝ ይችላል፤ ነጥቧም ሁሉንም ትቀበላለች። ደዋይ በቁጥሩ ውስጥ ሌላ ትእዛዝ ሊያስገባ ስለሚችል የአስተሪስክ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2010 በዚህ ላይ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ነጥብን ማስወገድ የማይቻልበት ቦታ ካለ ገቢው ከአሃዝና ከመደመር ምልክት በቀር ሁሉንም በሚያጣራ ፊልተር ማለፍ አለበት።

የውስጥ ቁጥር ሲመደብ መጀመሪያ የሚታየው የውጭ ቁጥሮች በምን እንደሚጀምሩ ነው። በ0፣ በመሪ ቁጥሩና በድንገተኛ ቁጥሮች መነሻ አሃዝ የሚጀምር የውስጥ ቁጥር አለመስጠት ነው። መሪ ቁጥሩን ማቆየት ግድ ከሆነም ከድንገተኛው ቁጥር ጋር ይነጻጸር። ድንገተኛው 911 በሆነበትና የሩቅ ጥሪ በ1 በሚጀምርበት አገር 9 ብሎ 1 የነካ ጣት አንዴ ቢደግም ሳያስበው ድንገተኛ ማዕከል ይገባል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ 8ን መምረጥ ይሻላል።

ከውጭ በትራንክ የሚገባ ጥሪ ወደ ውጭ የሚያስወጡትን ደንቦች ጨርሶ ማየት የለበትም። በዚህ ቢሮ ይህ ከመጀመሪያው በትክክል ተለይቶ ስለነበር ብዙ አላልኩበትም፤ ሌላ ቦታ ሲሠራ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ይታይ።

ርዝመታቸው የተወሰነ ደንቦች ዋጋም አላቸው። አገሩ ለቁጥሮቹ አንድ አሃዝ ሲጨምር ወይም አዲስ አጭር ቁጥር ሲከፈት ከዚህ ቢሮ ወደዚያ የሚደረግ ጥሪ ደንቡ እስኪታደስ ድረስ አይወጣም፤ አሮጌዋ ልቅ ደንብ ያሳልፈው የነበረ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ የማይዛመዱ ቁጥሮችን ሁሉ ለብቻቸው እንዲመዘግብ ተደርጓል፤ መዝገቡን በየሰኞው የሚያየው ያ የአይቲ ክፍል ወጣት ነው፣ እሱ በማይኖርበት ጊዜ የሚተካው ሰውም በጽሑፍ ተሰይሟል።